የቤተ እስራኤል የጸሎት ዜማና ጠባቂዎቹ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያው ሲታየው የሚያስበው ስለ መንገደኛና ስለ ሻንጣ ነው እንጂ ስለ ዜማ አይደለም። ነገር ግን ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ የቤተ እስራኤል ወገኖች ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዚሁ ሥፍራ ወደ እስራኤል አገር ሲወሰዱ፥ በግዕዝ የሚዜመውን ጸሎት በቃላቸው የያዙ ቄሶችም አብረው ሄደዋል። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው፥ ይህ ዜማ በማን እንደ ተጠበቀና በምን መንገድ እንደ ተላለፈ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለማነጻጸር ያህል አስቀድመን የአንዲት ዘፋኝ ታሪክ እናንሣ። ብራካ ጸፊራ በ1910 በኢየሩሳሌም ከየመን ከመጡ አይሁዳውያን ተወለደች። በልጅነቷ ወላጆቿን አጥታ በልዩ ልዩ ቤተሰብ ስላደገች፥ የየቤቱን ዜማ በጆሮዋ ሰበሰበች። ኋላም እንደ ፓውል ቤን ሃይም ያሉ የሙዚቃ ደራስያን ያንኑ ዜማ በኖታ አቀናብረውላት ከኦርኬስትራ ጋር ዘመረችው። እንግዲህ የአፍ ትምህርት ወደ ወረቀት፥ ከወረቀትም ወደ መድረክ ተሻገረ ማለት ነው።

በእኛ አገር የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የቤተ እስራኤል የጸሎት ዜማ የመድረክ ሙያ ሳይሆን የቄሶችና የደብተሮች አገልግሎት ነበር። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናዋል፤ በጸሎትም ጊዜ አንዱ ሲመራ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ በበዓል ቀን ነጋሪትና ቃጭል ያጅቡታል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ለዜማዋ የጽሕፈት ምልክት ሲኖራት፥ ቤተ እስራኤል ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ መምህር ሳያስተምር ቢሞት የሚያውቀው ዜማ አብሮት ይቀበር ነበር።

በ1867 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዮሴፍ ሃሌቪ የጸሎቶቹን ቃል በ1877 በፓሪስ አሳተመ። ቃሉ ሲታተም ዜማው ግን ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ። ወደ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 ወደ ጎንደር አገር መጥታ የቄሶቹን ዜማ ቀረጸች። በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍም ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ የምንኩስና ሥርዓት ጋር በጥብቅ የተዛመደ መሆኑን አስረዳች። ከጥንታዊት ኢየሩሳሌም በቀጥታ የወረደ ዜማ ይገኛል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነበር። ነገር ግን የቤተ እስራኤል የራሳቸው ትውፊት ምንኩስናቸውን ያቋቋመው በ15ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው አባ ሰብራ ነው ስለሚል፥ ጥናቱና ትውፊቱ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። በእኛም አስተያየት ዜማው በዚህ ምድር መወለዱ ክብሩን አይቀንሰውም፤ የሚጸልዩበት ሰዎች እምነት እንጂ የዜማው ጥንታዊነት ብቻ አይሁዳዊ አያደርገውምና።

በእስራኤል አገር ቄሶቹ የገጠማቸው ፈተና ቀላል አልነበረም። የአገሩ የሃይማኖት ባለሥልጣን እንደ ረቢ አልተቀበላቸውም፤ ወጣቱም ጸሎቱን በዕብራይስጥ ተማረ። ይሁን እንጂ የስግድ በዓል በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆነ፤ በ2009ም ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ቱርኒ ይህንኑ የጸሎት ዜማ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው፥ ቅጂና ኖታ ዜማን ከመጥፋት ያድኑታል፤ ነገር ግን መምህርን አይተኩም። ጸፊራ ዜማዋን ለደራስያን ሰጥታ መድረክ አገኘች፤ ቄሶቹ የሚሹት ግን ደቀ መዝሙር ነው። የአገራችንን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎችም፥ በየገዳሙና በየመንደሩ በቃል ብቻ የሚኖረውን ዜማ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ለመመዝገብ እንድንተጋ ይህ ታሪክ ያሳስበናል።