ማን ወሰነ፣ ማንስ ከፈለ? ኢትዮጵያና የስፖርት ቦይኮት ከካርቱም እስከ ሴኡል

በፌብሩዋሪ 1957 ካርቱም ላይ ለተከፈተው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተመዘገቡት አገሮች አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሜዳ የገቡት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም፣ ወይ ሁሉም ነጭ ወይ ሁሉም ጥቁር ይሁን አለች። የአዲሱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች፣ ይድነቃቸው ተሰማን ጨምሮ፣ አልተቀበሉም። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ያ ውሳኔ ኢትዮጵያን አንዳች አላስከፈላትም፤ እንዲያውም አንድ ዙር አሻግሯታል። ስለ ቦይኮት ስነ ምግባር ለሚጠይቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ የመጡት ውሳኔዎች ሁሉ ዋጋ ነበራቸው።

ከስፖርቱ በፊት ሕጉ ተሞክሯል። በ1960 መጨረሻ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት እንደመሆናቸው፣ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ በሞግዚትነት በተሰጣት ምድር፣ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር፣ አፓርታይድን ተክላለች የሚል ነበር። ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ጁላይ 18 ቀን 1966፣ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ የሰር ፐርሲ ስፔንደር ድምፅ ሚዛኑን ደፋው። ከሳሾቹ በጉዳዩ የሚያስከስስ መብት አላሳዩም ተባለ፤ ዋናው ነገር ፍርድ ሳያገኝ ተዘጋ። የአፍሪካ ስፖርት ጠቅላይ ምክር ቤት ባማኮ ላይ የተቋቋመው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ቦይኮትን የችኩሎች መሣሪያ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን የቀን ቅደም ተከተል ልብ ቢሉት ጥሩ ነው።

በ1968 መጀመሪያ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካን ለሜክሲኮው ጨዋታ ጋበዘ። አገሪቱ ማጣሪያውን በዘር ለይታ አካሂዳ፣ ከዚያ የተቀላቀለ ቡድን እልካለሁ ብላ ነበር። አንሄድም ብለው ቀድመው ካስታወቁት መካከል አልጄሪያና ኢትዮጵያ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በሮምና በቶኪዮ ማራቶኑን ተከታትላ ያሸነፈች አገር ስለነበረች፣ ለመተው የተዘጋጀችው በእጇ ያለውን ትልቁን ነገር ነው። ጥያቄው ደግሞ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ሮበን ደሴት ታስሮ የነበረው ገጣሚ ዴኒስ ብሩተስና ጓደኞቹ፣ ደቡብ አፍሪካውያን ራሳቸው፣ አገራችንን አግልሉልን ብለው ነበር። ኮሚቴው በኤፕሪል ግብዣውን ሰረዘ፤ በኦክቶበር ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ሄዶ ማራቶኑን አሸነፈ።

የሞንትሪያሉ ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። በዚያው ወር የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን፣ ኦል ብላክስ፣ ለጉብኝት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የአፍሪካ መንግሥታት ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትታገድ ብለው ጠየቁ። ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም፣ አያገባኝም አለ። ጨዋታው ጁላይ 17 ሲከፈት ከ25 በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከውድድሩ ወጥተው ነበር ወይም ለመውጣት በመንገድ ላይ ነበሩ። ኢትዮጵያም ከእነሱ ጋር ነበረች።

የኮሚቴው መልስ ከሕግ አንጻር ስህተት አልነበረበትም። ቅጣቱም በቀጥታ በጥፋተኛው ላይ አላረፈም፤ ደቡብ አፍሪካ ከ1970 ጀምሮ ከኦሊምፒክ ቤተሰብ ተባርራ ነበርና ሞንትሪያል ላይ የሚነጠቃት ነገር አልነበረም። ኒውዚላንዳዊው ጆን ዎከር በ1500 ሜትር ወርቁን ሲወስድ፣ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ አልነበረም። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ደግሞ ሲያሸንፍ፣ «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠርም አልነበረም። ምሩፅ ሁለቱንም ርቀቶች ሞስኮ ላይ እስኪያሸንፍ ተጨማሪ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ሞንትሪያል ላይ ቢሮጥ ቪረንን ይቀድም ነበር የሚለውን ክርክር መዝገብ አይፈታውም።

ወሳኙስ ማን ነበር? ጨዋታው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ጁላይ 13፣ ደርግ ከራሱ አባላት አንዱን ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴን ከሌሎች ጋር ረሽኗል። ለሶዌቶ ልጆች መብት የተቆረቆረው መንግሥት በአገሩ ሰው ያለ ፍርድ የሚገድል ነበር። ይህን አንስቶ ቦይኮቱን ሁሉ ውሸት ነው ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል። ጥያቄው ከደርግ በፊት የነበረ፣ የተበደሉት ራሳቸው ያቀረቡት ነው። ውጤትም አላጣም። የኮመንዌልዝ መሪዎች በ1977 ግሌንኢግልስ ላይ ተሰብስበው ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረገውን የስፖርት ግንኙነት ለመግታት ተስማሙ። በ1981 የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ቡድን ኒውዚላንድን ሲጎበኝ ደግሞ ሃሚልተን ላይ ሜዳውን ወርረው ጨዋታውን ያሰረዙት ኒውዚላንዳውያን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። በ1984 ኢትዮጵያ ሎስ አንጀለስን የቀረችው ከሶቪየት ኅብረት ጎን ተሰልፋ፣ በ1988 ሴኡልን የቀረችው ለሰሜን ኮሪያ አጋርነት ብላ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ሞስኮ ራሷ ሴኡል ገብታ ስትወዳደር እኛ ቤታችን ቀረን። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በላይነህ ዲንሳሞም አብሮ ቀረ፤ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆይቷል። በሁለቱ ውሳኔዎች እፎይ ያለ የተበደለ ሕዝብ በመዝገቡ አላገኘሁም።

በአገራችን ወግ ሦስቱ ኦሊምፒኮች «በፖለቲካ ምክንያት የቀረንባቸው» ተብለው በአንድ ላይ ይቆጠራሉ። ይህ አቆጣጠር መታረም አለበት። ከሦስቱ ለደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች የተከፈለው የሞንትሪያሉ ብቻ ነው፤ ሎስ አንጀለስና ሴኡል በዚያ ሒሳብ ሊጻፉ አይገባም።