ተማሪና የአገር አገልግሎት

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ ከማናችንም ቤት ደጃፍ የራቀ አይደለም። ልጁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የሚዘጋጅ ወላጅ ሁሉ ስለ ፈተናው፣ ስለ ውጤቱና ስለሚመደብበት የትምህርት ዓይነት አጥብቆ ያስባል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ለወገኑ ምን ሠርቶ ያውቃል? የሚሠራበትስ ስፍራ ከየት ይገኛል? የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። አገራችን ይህን ጥያቄ ከአንድ ጊዜ በላይ አንሥታ በተግባር ሞክራዋለች። የሙከራዎቹን ታሪክ ማወቅ ለዛሬው ምክራችን መሠረት ይሆናልና፣ በየተራ እንመለከታቸዋለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ተማሪ እየተማረ ያገልግል የሚለው አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቈጥራል፤ ንባብ የዘለቀው ጀማሪውን ያስቀጽላል። የኔታ አንድ ሲሆኑ ተማሪው ብዙ ነውና፣ ታላቁ ታናሹን ባይረዳ ኖሮ ትምህርቱ ሊስፋፋ ባልቻለም ነበር። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሚያስቀጽለው ተማሪ ሥራው ተለይቶ የታወቀ ነበር፤ የሚረዳው ልጅ ከፊቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ሲሳሳትም የሚያርመው መምህር ከአጠገቡ አይርቅም። አገልግሎቱም ከትምህርቱ አያጐድልበትም፤ ይልቁንም የተማረውን ያጸናለታል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ኮሌጅ ከሌሎች የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ጋር ተጣምሮ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በዚያን ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቍጥር መምህር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ጉድለቱ በአብዛኛው የሚሞላው ከህንድና ከሌሎች አገሮች በሚመጡ መምህራን ሲሆን፣ ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችም ተጨመሩ። እንግዲህ የባዕድ አገር ወጣት ባሕር ተሻግሮ በገጠር ከተማ ሲያስተምር፣ የአገሩ ተማሪ በዋና ከተማው ተቀምጦ ዲግሪውን ብቻ ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋልን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሆነው በ1957 የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ በተመደበበት ስፍራ እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት። ለኑሮውም መጠነኛ አበል ይሰጠው ነበር። ከተመደቡት የሚበዙት በመምህርነት ሠርተዋል።

የዚህ አገልግሎት ፍሬ በሁለት ወገን የሚታይ ነው። በአንድ ወገን በየጠቅላይ ግዛቱ የሚገኘው ልጅ፣ እንደ እርሱ ካለ ቤት የወጣ ኢትዮጵያዊ ወጣት መምህሩ ሆኖ ሲያይ፣ ዩኒቨርሲቲ ለእርሱም የሚደረስ ስፍራ መሆኑን ተረዳ። በሌላ ወገን አስተማሪው ራሱ ተማረ፤ ጭሰኛው ለባለ መሬቱ የሚያካፍለውን ምርት፣ በሽተኛው ሐኪም ፍለጋ የሚጓዘውን መንገድ በዐይኑ አየ። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰማው «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በየአውራጃው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰማ ካደረጉት መካከል እነዚህ ወጣት መምህራን ይገኙበታል። ተማሪውን ወደ ሕዝቡ የላከ መንግሥት፣ ተማሪው ያየውን ይዞ እንደሚመለስ ማሰብ ነበረበት።

ሁለተኛው ሙከራ እጅግ ሰፊ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የታዘዙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የተቃረቡት የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም ከመምህራን ጋር ዘመቱ። ዘማቾቹ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መያዝ አይችልም ተብሎ ነበር።

ዘማቾቹ ፊደል አስቈጠሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ ጕድጓድ ቈፈሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅም፣ ዐዋጁን ለገበሬው የማስረዳትና የገበሬ ማኅበር የማደራጀት ከባድ ሥራ በእነዚሁ ልጆች ትከሻ ላይ ወደቀ። ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በባለ መሬትና በጭሰኛ፣ በአስተዳዳሪና በገበሬ መካከል ቆመ። በግጭቱ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ፤ ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጭተው የታሰሩ፣ ጣቢያቸውንም ጥለው የሄዱ ብዙዎች ናቸው። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ ልጁን በደስታ የሸኘ ወላጅ ሁሉ በደስታ አልተቀበለም። ይህን የምናነሣው የወጣቶቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። የሥራው ክብደት ከሠራተኛው ዕድሜና ዝግጅት ሲበልጥ፣ ጉዳቱ በሠራተኛውም በሥራውም ላይ እንደሚደርስ ለማስታወስ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአስተማሪነት ከተሰለፉት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ከፍ ያለውን ድርሻ ይዘዋል። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ደርሷል። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ይህም ቢሆን የትእዛዝ ሥራ መሆኑ አልቀረም። ሆኖም ከቀደመው የሚለይበት ነገር ነበረ፤ አስተማሪው የሚሠራው ሥራ አንድና ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ ተዘጋጅቶለታል፤ ዘመቻው በየዙሩ ስለ ተከፈለ የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ጊዜ ይታወቃል። ድካሙ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ፊደል የለየው ጐልማሳ የሚያነበው ጽሑፍ ሲያጣ የተማረውን ይረሳዋልና፣ አገልግሎት ተከታይ ከሌለው ፍሬው እንደማይቈይ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር ምንድን ነው? ወጣቱ ለማገልገል ፈቃድ አጥቶ አያውቅም። ያጣው ብዙ ጊዜ በልኩ የተዘጋጀ ሥራና የሚቀበለው ሰው ነው። «አገልግል» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ «ይህን ሥራ፣ በዚህ ስፍራ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ሰው ተቈጣጣሪነት ሥራ» ማለት ግን አሳብና ዝግጅት ይጠይቃል። ይህን ማዘጋጀት ደግሞ የተማሪው ሳይሆን የእኛ የታላላቆቹ ድርሻ ነው።

ዛሬ በክረምት ወራት የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለዚህ በር ይከፍታል። ችግኝ ይተከላል፤ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፤ ለታናናሾች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ነገር ግን ሌላም ስፍራ በየመሥሪያ ቤታችን አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ ቅጽ ለማስሞላትና ማመልከቻ ለማስጻፍ ሰው ሲለምን በየዕለቱ እናያለን። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በክረምቱ በር ላይ ተቀምጦ ቅጽ ቢሞላለት፣ የሚሄድበትንም ቢሮ ቢያመለክተው፣ ባለጉዳዩ ከእንግልት ይድናል፤ ልጁም መንግሥትና ሕዝብ የሚገናኙበትን ስፍራ ገና ሥራ ሳይዝ ያውቀዋል። ዐይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ የሚያነብለት ይፈልጋል፤ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን የሚያደራጅለት ይፈልጋል፤ ዕድርም መዝገቡን አጥርቶ የሚጽፍለት ቢያገኝ አይጠላም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እያንዳንዱ የመምሪያ ኃላፊ ለአንድ ወይም ለሁለት ተማሪ የሚሆን፣ ከባድ ያልሆነ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ሥራ ለይቶ፣ የሚያስተምረውንም ሠራተኛ መድቦ፣ በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ቢያስታውቅ፣ ያለ ዐዋጅና ያለ ሰልፍ ብዙ ሺህ የአገልግሎት ስፍራ በአንድ ክረምት ይገኛል። ወላጅም ልጁን «ምን ውጤት አመጣህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ «ዛሬ ለማን ጠቀምህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ሁለቱን ጥያቄዎች አስተባብሮ መመለስን ከወጣትነቱ ይለምዳል። ስለዚህ የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ክፍል ለአንድ ተማሪ የሚሆን ሥራ ለይተን እንድናስቀምጥ አደራ እንላለን።