የሰርግ ካሜራና የጥላሸት ቀለም

ባለፈው ክረምት ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ካሜራ ሌንስ ደግኜ ደጋግሜ ስጫን አስተናጋጇ ቆማ ታየኝ ነበር። የካሜራው ባለቤት የሰፈራችን የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። እሱም ግራ ገብቶታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል። ትንሽ ጨምረው ሚረርለስ አይገዙም?» አለኝ። ካሜራው ኒኮን ዲ90 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ቪዲዮ በመቅረጽ ከዲኤስኤልአሮች ሁሉ የመጀመሪያው፣ በጊዜው ጉድ የተባለለት። ሪሞቱን ስጫን በኋላ ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያለች ብርሃን ብልጭ አለች። በዓይናችን ግን ሪሞቱ አፍ ላይ ምንም አይታይም። ሒሳቡን ከፍዬ ይዤው ወጣሁ።

ለሰርግ አይደለም የፈለግሁት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አክስቴም ዕቃቸውን ጠቅልለው ለቀቁ። (ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዘ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች የመጣ ነው። ስሙ ከቤቶቹ በላይ ዕድሜ አገኘ።) ዕቃ ሲወጣ ከአልጋ ሥር አንድ ሳጥን ተገኘ፤ ሳጥኑ ውስጥ የብራና ዳዊት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ አምስት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ግን በሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ተሞነጫጭሮ ተሰርዟል። ማን እንደሰረዘው በቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ታሪክ ይወራል፤ ሁለቱም የሚያጣላ ነው። አንዱ ወገን መጽሐፉ የእኛ አያት ነው ይላል፤ ሌላው የእኛ። አንድ የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ገዥ አለ» ብሎ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ብነግረው «ማን አገር ይወጣል አለህ?» አለኝ።

የብራና መጽሐፍ ባዶ ቅጠል በእኛ አገር ምን እንደነበር ያልተረዳ ሰው ይሄን ጠብ እንደ ቀልድ ያየው ይሆናል። ውልና ማስረጃ የሚባል መሥሪያ ቤት ሳይኖር በፊት ውልና ማስረጃው እሱ ነበር። የርስት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የዋስትና ስም፣ የምስክሮች ዝርዝር ሁሉ በወንጌሉ ኅዳግና በትርፍ ቅጠሎቹ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ዘወርቅ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መዝገብ ቤትም ነበር። ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥርዓት ያጠናው በአብዛኛው እነዚህን ማስታወሻዎች እየለቀመ ነው። የእርግማኑንም ቃል ልብ በሉ፤ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚወገዘው መጽሐፉን የሰረቀ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን የፋቀም ነው። መፋቅ ከስርቆት እኩል የተቆጠረው በከንቱ አይደለም። ስም ከተፋቀ ርስት ይሄዳል። አሮጌ ብራናዎችን ያገላበጠ ሰው የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ የተተካበትን ቅጠል ሳያይ አይቀርም።

አሁን ወደ ቀለሙ። የእኛ ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም በዋነኛነት ጥላሸት ነው። ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ የተፋቀ ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ተወቅጦ፣ በሙጫ ተይዞ፣ ለወራት እየተቦካ ይዘጋጃል። ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦን ደግሞ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ የማናየውን ብርሃንም ይውጣል። የቢክ ሰማያዊ እንዲህ አይደለም፤ ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፣ የማይታየው ብርሃን እንደ መስኮት መስታወት ያልፍበታል። የመሥሪያ ቤት ሐምራዊ ማኅተምም እንደዚያው። ስለዚህ በዚያ ብርሃን የሚያይ ዓይን ቢኖረን ቢኩ ይጠፋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል።

ያ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል፤ አንዳንዶች ታኅተ ቀይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ወዲያ ምንም በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ በላይ ሞቀበት። ፎቶግራፉን በ1910 ለሕዝብ ያሳየው ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ሰማዩ ጥቁር፣ ቅጠሉ በረዶ የመሰለ ነጭ። ዛሬም ኢንፍራሬድ ካሜራ ሲባል ብዙ ሰው የሚፈልገው ይሄን ነጭ ቅጠል ነው። ቆንጆ ነው፤ አልክድም። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው።

በ1950ዎቹ የሙት ባሕር ጥቅልሎች ቁርጥራጭ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ብዙው ጠቁሮ ቆዳውና ጽሑፉ አይለይም ነበር። በፍልስጤም አርኪዮሎጂ ሙዚየም የሚሠራው ፎቶ አንሺ ነጂብ አንቶን አልቢና በኢንፍራሬድ ፊልም አነሳቸው፤ የጥላሸቱ ቀለም ከጠቆረው ቆዳ ተለይቶ ወጣ። ሊቃውንቱ ለዓመታት ያነበቡት ከቁርጥራጩ ይልቅ የእሱን ፎቶ ነበር ማለት ይቻላል። ከእነዚያ ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች አሉ፤ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። የእኛ ጸሐፊ በጥላሸት የጻፈውንና የቁምራን ጸሐፊ በጥላሸት የጻፈውን ያገናኘው አንዱ ነገር የፊልም ጥቅል ነው።

በዚህ መንገድ የእኛን ብራናዎች ያየ አልነበረም ማለት አይደለም። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ኖስኒትሲን ከበርሊን የቁስ ምርመራ ተቋም ባለሙያዎች ከኢራ ራቢንና ከኦሊቨር ሃን ጋር በትግራይ የሚገኝ የአንድ ብራና ቀለም መርምሮ በ2014 አሳትሟል። ብዛቱን ከተመለከትን ግን ትልቁ ሥራ ከ1973 ጀምሮ የተካሄደው የማይክሮፊልም ዘመቻ ነው። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ቆስሎ ከአገር ከወጣ በኋላ ሚኒሶታ ተቀምጦ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ካታሎግ ሲያደርገው የኖረው እሱን ነው። ውለታው ተነግሮ አያልቅም። ነገር ግን ተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያየው ዓይን የሚያየውን ያህል ነው። የተሰረዘው እዚያም ተሰርዞ ነው ያለው።

ኢንፍራሬድ ፊልም አሁን እንደ ልብ አይገኝም፤ ኮዳክ ዝነኛውን በ2007 አቆመው። አሮጌ ዲጂታል ካሜራ የገባው እዚህ ላይ ነው። የካሜራ ሴንሰር ሲሊከን ነው፤ ሲሊከን እስከ 1,100 ናኖሜትር ድረስ ያያል፣ የእኛ ዓይን 700 አካባቢ ላይ ያበቃል። መሐንዲሶቹ ይሄን ትርፍ እይታ ለመዝጋት ከሴንሰሩ ፊት መስታወት ለጠፉ። ምክንያት አላቸው፤ ካልተዘጋ ቀለም ይበላሻል። ላይካ በ2006 ኤም8 የተባለውን ሲያወጣ ይሄን መስታወት አሳስቶት ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ፤ ኩባንያው ለገዢዎቹ ማስተካከያ ፊልተር በነፃ ለማደል ተገደደ። ያን ካሜራ ይዞ ቦሌ መድኃኔዓለም ሰርግ ያነሳ ሰው ቢኖር ሙሽራው ጥቁር ሱፉን አይቶ ምን ይለው ነበር?

እኛ የምናደርገው የመሐንዲሱን መስታወት አውጥቶ በቦታው ከ720 ናኖሜትር በታች ያለውን ሁሉ የሚዘጋ ጥቁር መስታወት መተካት ነው። ለዚህ የሚሆን አሮጌ ካሜራ ስትፈልጉ ስንት ሰርግ እንዳነሳ አትጨነቁ፤ መጽሐፍ አይሮጥም፣ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ብትጫኑት ነው። የምትጨነቁት በስክሪኑ አይቶ ማነጣጠር የሚችል መሆኑን ነው፤ ላይቭ ቪው የሚሉትን። ኢንፍራሬድ በሌንስ ውስጥ ሲያልፍ ትኩረቱ የሚያርፈው ከተለመደው ብርሃን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው፣ በዓይን መመልከቻው ያስተካከላችሁት ይደበዝዛል። ስለዚህ ካኖን 40ዲና 450ዲ፣ ኒኮን ዲ90 እና ከእነሱ ወዲህ ያሉት ይሻላሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ኒኮን ዲ70 (2004) ያሉት መስታወታቸው ሳሳ ያለ ነው፤ ሳይፈቱ እንኳ ሌንሱ ላይ ጥቁር ፊልተር አድርጎ በትሪፖድ ብዙ ሰከንድ መጠበቅ ይቻላል። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምናልባት የእኔንም አላስፈታውም ነበር። መጀመሪያ የሰጠሁት ጠጋኝ መስታወቱን አውጥቶ ያለ ምትክ ገጥሞ መለሰልኝና ካሜራው ርቆ ያለ ነገር አልለይ አለ። ሁለተኛው ነው ዘመድ ከዋሽንግተን በላከው መስታወት ያስተካከለው። እጃችሁ አመኔታ ካላገኘ ራሳችሁ አትክፈቱት፤ የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፤ ኤልኢዲ አምፖል ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ምሽት ጥቁር ፎቶ ብቻ ሲወጣብኝ ካሜራው ሞተ ብዬ ነበር። ያ ሽቦው የሚግለው የድሮ አምፖል ነው የሚያስፈልገው፤ ከሦስት ሱቅ በኋላ አገኘሁት። እሱም ይሞቃል፣ ብራና ደግሞ በሙቀት ይኮማተራል። ራቅ አድርጋችሁ አብሩት፤ ቶሎ አንስታችሁ አጥፉት።

ተአምር የምትጠብቁ ካላችሁ ደግሞ ልቀዝቅዛችሁ። በጭስ የጠቆረ ብራና ላይ ይሄ መንገድ ብዙ አይረዳም፤ ጭሱም ጥላሸት፣ ቀለሙም ጥላሸት። ቡና የፈሰሰበት፣ ቅባት የጠጣ ግን በጣም ይጠራል። በምላጭ ተፍቆ የተነሣም ቅሪት ከሌለ የለም ነው። ከሁሉ የከፋው ቀዩ ቀለም ነው። በእኛ መጻሕፍት የቅዱሳን ስም፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ስም በቀይ ይጻፋል፤ ቀይ ደግሞ በኢንፍራሬድ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

የአክስቴን ዳዊት በመስኮቱ አጠገብ ዘርግተን አነሳነው። ቢኩ አንድም ሳይቀር ጠፋ። አምስቱ መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ፤ መጽሐፉ ከአንድ ዲያቆን በጠገራ ብር እንደተገዛ፣ የሰረቀውም የፋቀውም እንዲወገዝ ይላል። የገዢው ስም መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን ባዶ ብራና ነው፤ በቀይ ተጽፎ ነበር። ሁለቱም ወገን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

መፍትሔው የመጣው ከፎቶ አንሺው ልጅ ነው። ቅጠሉን በአዲሱ ካሜራው በተለመደው ቀለም አነሳውና ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊውን ክፍል ብቻ ለይቶ አወጣ። በዚያ ሰማያዊው ቢክ ይሳሳል፣ ቀዩ ይጠቁራል። ሦስት ፊደል ተነበበ፤ «ወለተ»። ቀጣዩ ቃል ቢኩ ደጋግሞ የተጫነበት ነው፣ እስካሁን አልወጣም። ወለተ የሴት ክርስትና ስም መጀመሪያ ነው። ሁለቱም ወገን ሲጣላ የኖረው በሁለት ወንድ አያቶች ስም ነበር። አክስቴ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሳጥኑ መለሱትና «እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አሉ።