ከአፈር የሚወጣው መድኃኒትና የኮምፒዩተሩ ንባብ

የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ዕረፍትና ንጹሕ አየር ይታዘዝለት ነበር እንጂ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት አልነበረውም። በ1943 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ሻትዝ የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ፤ በመምህሩ በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶር ሲሠራ፤ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። በ1952 የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ግን የተጠራው የመምህሩ ስም ብቻ ነበረ። እኛም ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ከየአገሩ አፈር እየዘገኑ ብዙ መድኃኒት አወጡ። ውሎ አድሮ ግን የሚወጣው ቀድሞ የታወቀው እየሆነ ስላስቸገረ፤ ብዙ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍለጋውን ተዉት። ጀርሞቹ ግን መድኃኒቱን መልመዳቸውን አልተዉም፤ በ2019 ብቻ በዚህ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ታዲያ አፈሩ ባዶ ሆኖ ነውን? አይደለም። በ2002 ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊከለር የተባለው ባክቴሪያ የዘር ጽሕፈት፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ የሆነው ፊደል፤ ተነብቦ ታተመ። በውስጡም ልዩ ልዩ ኬሚካል የሚሠሩ ከ20 የሚበልጡ የጂን ስብስቦች ተገኙ፤ አስቀድሞ የታወቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ጎተራው ሙሉ ነበረ፤ ተዘግቶ እንጂ።

እንዲህ ያለውን ጽሕፈት በዓይን አንብቦ መጨረስ ስለማይቻል ሥራው ለኮምፒዩተር ተሰጠ። በ2011 የወጣው አንቲስማሽ የተባለው ፕሮግራም አዲሱን ጽሕፈት ከታወቀው ጋር እያስተያየ መድኃኒት ሊሠራ የሚችለውን ስፍራ ያመለክታል። ለአንዳንዱም፤ የትኛው የጂን ክፍል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚቀጥል ስለሚታወቅ፤ የሚሠራው ነገር መልክ አስቀድሞ ይገመታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሲላጊሲን ታሪክ ነው። በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሾን ብሬዲና ባልደረቦቹ ባክቴሪያው እስኪሠራላቸው አልጠበቁም፤ ከጂኑ የተገመተውን ራሳቸው በኬሚስትሪ ሠርተው በ2022 አስታወቁ። ይህ መድኃኒት፤ ጀርሙ የግድግዳውን መሥሪያ የሚያመላልስባቸውን ሁለት ሞለኪውሎች ባንድነት ይይዛል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቢያመልጥ በሌላው ይጠመዳል። በላቦራቶር በተደረገው ፈተናም ሊለምደው የቻለ ጀርም አልተገኘም። ሆኖም በአይጥ ሲሞከር በደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ኃይሉ ስለ ደከመ፤ ኬሚስቶቹ እንደ ገና ቅርጹን ማሻሻል ግድ ሆነባቸው። የተሻሻለውም በአይጦቹ ሰውነት ውስጥ የነበረውን ጀርም ቀነሰው።