ሁለቱ ሞተሮችና አንዱ የርግብ መንጋ

ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች ጄት የተመሠረተበት የደኅንነት ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንዱ ሞተር ቢደክም ሌላው ይተካዋል። አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ መነሣቱን ማቋረጥ ከሚቻልበት ፍጥነት ካለፈ በኋላ አንድ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በቀረው ኃይል ተነሥቶ ከፍታ ለመያዝ መቻሉ ሳይረጋገጥ መንገደኛ እንዲጭን አይፈቀድለትም። ይሁን እንጂ ይህ ሐሳብ ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ምክንያት በአንድ ቅጽበት አይጎዱም ከሚል ግምት የተነሣ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር የደረሰው አደጋ ይህንኑ ግምት አፈረሰው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 604፣ ቦይንግ 737-200 አውሮፕላን፣ 104 ሰዎችን አሳፍሮ ከመሬት በመነሣት ላይ ሳለ ከዱር ርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አንደኛው ወዲያውኑ ግፊቱን አጣ፤ አብራሪዎቹ ወደ ተነሡበት ሜዳ ለመመለስ ሲጥሩም ሁለተኛው ከዳቸው። አውሮፕላኑ በግዳጅ ሲያርፍ 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

አንዲት የዱር ርግብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አትመዝንም። ሆኖም ለመነሣት በሙሉ ኃይል የሚሽከረከረውን የሞተር ምላጭ ስትመታ ምላጩ ይጣመማል፣ የአየሩ ፍሰት ይታወካል፣ የሞተሩም ሙቀት ይንራል።

ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ተሰምቶ ነበር። በመስከረም 1953 ዓ.ም. ከቦስተን የተነሣ ባለ አራት ሞተር ሎክሂድ ኤሌክትራ ከወፍ መንጋ ጋር ተጋጭቶ 62 ሰዎች ካለቁ ወዲህ፣ ሞተሮች የወፍን ጉዳት የመቋቋም ብቃታቸው እንዲፈተን ተደረገ። ፈተናው ግን ወሰን አለው። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ የተነሣው ኤርባስ ኤ320 በዝዬዎች ምክንያት የሁለቱንም ሞተሮች ኃይል አጣ፤ 155ቱም ሰዎች የተረፉት በአብራሪዎቹ ብልኅነትና የሃድሰን ወንዝ በቅርብ በመገኘቱ ነው።

እንግዲህ መሐንዲሱ የሠራውን መከላከያ የሚያሟላው በምድር ላይ ያለው ሥራ ነው። ሣሩን የሚያጭደው፣ የቆሻሻ መጣያ ከሜዳው እንዲርቅ የሚያደርገው፣ ከበረራ በፊት መንደርደሪያውን ዞሮ የሚያየውና የወፍ መንጋ ሲመለከት ሳይዘገይ የሚያስታውቀው ሠራተኛ፣ ለበረራ ደኅንነት ያለው ድርሻ ሞተሩን ከሚፈታው መካኒክ አያንስም። ሁለተኛው ሞተር መተማመኛ የሚሆነው መንጋው ከሜዳው ሲርቅ ነውና።