ዜማና እንጀራ

በሐምበርቾ ተራራ ግርጌ የምትገኘው የከምባታ ከተማ ዱራሜ፥ ከእንሰት ማሳው ጥበት የተነሣ ብዙ ወጣቶቿን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሸኝ የኖረች ብትሆንም፥ እነዚሁ ልጆች ስደት ሳይጠራቸው በየቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ድምፃቸውን ሲያቀኑ፥ ታላቁም ለታናሹ ኪቦርድ ሲያስተምር ይታያልና፥ የድኻ ልጅ በዜማ ጥበብ እንዴት እንጀራ አግኝቶ እንደ ኖረ የአገራችንን ታሪክ መጠየቅ ለዚህች ከተማ ተገቢ ነው። አካባቢውም ለድርሰት ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤቷ ሆሳዕና ሆስፒታሏን በስማቸው የሰየመችላቸው የሐድያ ተወላጅ ንግሥት እሌኒ «ኆኅተ ብርሃን»ና «እንዚራ ስብሐት» የተባሉት የግእዝ ድርሰቶች ደራሲት መሆናቸው ይነገራል።

ለምስኪን ልጅ በሩን አስቀድሞ የከፈተው ከማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ የወረደው ዜማ ቤት ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ፥ ወላጅም ርስትም ባይኖረው፥ መንደርተኛው በሚመጸውተው ምግብ እየኖረ ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን ከመምህሩ እግር ሥር ያጠናል፤ ድጓውን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ ካስመሰከረ በኋላም መሪጌታ ተብሎ በአንድ ደብር ይተከላል። መምህሩ፥ ምጽዋቱና የመጨረሻው ሹመት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ነበሩ፤ የዚህ ትምህርት ጽናት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን በር የከፈተው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ፥ ከአርመን እልቂት ተርፈው በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ የሙት ልጆች በናስ መሣሪያ ሲቀበሏቸው ሰምተው ልባቸው ስለ ተነካ፥ ከፓትርያርኩ ጋራ ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ ልጆቹም በሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ጳጉሜን 1 ቀን ገቡ። ማደሪያ፥ ልብስና ደመወዝ የተቈረጠላቸው እነዚህ «አርባ ልጆች» የመንግሥቱ ሙዚቀኞች ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ የደረሱት ናልባንዲያን ሲሆኑ፥ ግጥሙን የደረሱት ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የተገኙት የአብነት ትምህርት ፍሬ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። የስደተኞቹ መምህርና የቆሎ ተማሪው በአንድ መዝሙር መገናኘታቸውን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይሞላል፤ ሁለቱም ጥበባቸውን ያገኙት ከባለጠጋ ቤት አልነበረምና።

ከዚያ ወዲህ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤቱ ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ። የክቡር ዘበኛው ኦርኬስትራም በወታደር ደመወዝ ሙዚቀኛ ያሳድር ስለ ነበር፥ በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ የነበረው ማሕሙድ አሕመድ ሊስትሮነቱን ትቶ የአገር ድምፅ ለመሆን የበቃው በዚያ ነው።

ከአርባ ልጆች ወዲህ የመጣው ይህ የሙዚቃ ሥልጠና ግን በአብዛኛው በዋና ከተማው ተወስኖ ቈየ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ጥበቡን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ቢያወርዱትም፥ ለሥርዐቱ ቅስቀሳ የቆሙ ስለ ነበሩ አብዛኞቹ ከሥርዐቱ ጋራ ከሰሙ። ስለዚህ ዛሬ በዱራሜ የድኻውን ልጅ ያለ ክፍያ የሚያስተምረው በየአጥቢያው ያለው የመዘምራን ቡድን ነው፤ ልጁ ተምሮ ሲያበቃ እንደ ደብሩ የሚተክለው፥ እንደ ክቡር ዘበኛውም ደመወዝ የሚቈርጥለት ቤት ገና ይቀራል።