“ኮሪያ ሰፈር ወራጅ አለ!”

አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባል ቦታ አለ። ታክሲ ውስጥ ስሙን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ልጅ እያለሁ ኮሪያውያን የሚኖሩበት ይመስለኝ ነበር።

ሰፈሩ የቃኘው ዘማቾች ነው። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በዚህ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተነስቶ ኮሪያ ገባ። ጦርነቱ በሐምሌ 1945 እስኪቆም ድረስ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን በዙር ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከተመለሱት ብዙዎቹ በተሰጣቸው መሬት ላይ ጎጆ ቀለሱና ሰፈሩ ስሙን አገኘ።

ከዚያ 1966 መጣ። ደርግ ሶሻሊስት ሆነ፣ ሰሜን ኮሪያም ወዳጅ ሆነች። ኮሚኒስት የተዋጋ ሰው እንግዲህ ምን ይበል? ሜዳሊያው ደረት ላይ የሚሰካ ሳይሆን ሣጥን ውስጥ የሚደበቅ ሆነ። ደርግ ወታደር አያከብርም ነበር ማለቴ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የሶማሊያን ወረራ ሲመክቱ ለወደቁት የቆመ ነው። ሐውልቱ ሲሠራ ያገዙት ታዲያ እነማን ናቸው? ሰሜን ኮሪያውያን! የቃኘው ሽማግሌ በዚያ ሲያልፍ ምን ይሰማው እንደነበር አስቡት።

እነሱን የሚያስታውስ ቡና ግን በሌላ አገር እየፈላ ነበር። ቹንቾን በምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ የዘማቾቹ መታሰቢያ የቆመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ኮሪያን ጎብኝተዋል። በዚያው ዓመት ከመታሰቢያው አጠገብ “የኢትዮጵያ ቤት” የሚባል ቡና ቤት ተከፈተ። ቡና ቤት ስል የኛ አገሩን መጠጥ ቤት አይደለም፤ የምር ቡና የሚጠጣበት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ይሠራል። የአበባ ጉንጉን በዓመት አንዴ ነው፤ ቡና ግን በየቀኑ ይፈላል። ኮሪያውያን ስለ ዘማቾቹ ሲያነሱ ውጊያውን ብቻ አይደለም የሚያወሩት። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን ላይ ቦህዋዎን የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ወላጅ ያጡ ልጆችን ያሳድጉ ነበር።

እኛ አገርም አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አላቸው፣ ደግ ነው። እኔ የማልረሳው ግን አንድ የጠዋት ታክሲ ነው። ሜዳሊያ የደረደሩበት አሮጌ ኮት የለበሱ አባት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ኪሳቸውን ሲዳብሱ ረዳቱ እጁን አወዛወዘ።

“አባባ ይተዉት፣ ተከፍሏል።”

“ማነው የከፈለልኝ?” አሉና ዞረው አዩን። ሁላችንም በመስኮት ወደ ውጭ እናያለን።

“እግዜር ይስጥልኝ” አሉ፣ ለሁላችንም። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ወረዱ።